የመሣሪያን ባሕርይ ስለ ማንበብና ስለ ማስታወስ

ሰው የሚያውቀውን ሁሉ በልቡ ብቻ ሊይዘው ስለማይችል ይጽፋል። የተጻፈው ነገር ግን እንደ ተጻፈ ሲኖር፥ የተጻፈለት ነገር በበኩሉ ይለወጣል። በመዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ በዶሴው ውስጥ የተመለከተው የሠራተኛ አድራሻ ትክክል የነበረው በተጻፈበት ቀን ነው፤ ሠራተኛው ቤት የለወጠ እንደ ሆነ ግን ዶሴው ልዋሽ ሳይል ውሸት ይናገራል። ይህ አሮጌ ጕዳይ በኮምፒዩተር ውስጥ በዐዲስ መልክ ተነሥቶ ከአርባ ዓመት በላይ ብዙ ባለሙያዎችን ሲያሳስብ ቈይቷል።

በኮምፒዩተር ላይ የሚገጠም መሣሪያ ሁሉ፥ ዲስክም ቢሆን የድምፅ ካርድም ቢሆን ባትሪም ቢሆን፥ የራሱ ባሕርያት አሉት። እነዚህም ሠሪው ማን እንደ ሆነ፥ ዐይነቱ የትኛው እንደ ሆነ፥ በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝ፥ በዚህች ሰዓት ምን ያህል እንደ ሞቀ ወይም እንደ ሞላ የሚገልጹ ቍጥሮችና ቃላት ናቸው። ባሕርያቱን ለማወቅ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ብዙ ስለ ሆኑ፥ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ መሣሪያውን እንዳይመረምር፥ የማንበቡን ሥራ አንድ ጊዜ አደራጅቶ ለሁሉ የሚያገለግል የጋራ ክፍል ይዘጋጃል። ፕሮግራም ሠሪዎች ይህን ክፍል ላይብረሪ ይሉታል፤ መጽሐፍ የሚነበብበት ቤት ማለት ሳይሆን፥ ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚያሠሩት የተሰናዳ ሥራ ማለት ነው። ጥያቄ የሚቀርብበትን በር ኢንተርፌስ፥ አንድ ጊዜ የተነበበው ለሌላ ጊዜ የሚቈይበትን ማስታወሻ ደግሞ ካሽ ብለው ይጠሩታል። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ የበሩንና የማስታወሻውን ታሪክ ባጭሩ ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተመለከቱት በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

በ1981 አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፐርሰናል ኮምፒዩተሩን ባወጣ ጊዜ፥ የመሣሪያዎች ባሕርይ የሚመዘገበው በጣት ነበር። በዋናው ሰሌዳ ላይ ትንንሽ ማብሪያና ማጥፊያዎች ተደርድረው፥ ባለቤቱ ምን ያህል ሜሞሪና ስንት የዲስክ አንባቢ እንደ ገጠመ በእነርሱ ያመለክታል፤ ፕሮግራሙም የተመለከተውን ያምናል። የሚጨመሩት ካርዶች ደግሞ ጃምፐር የምትባል ትንሽ መሰኪያ ስለ ነበራቸው፥ ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት የጥሪ ቍጥር የሚወሰነው እርስዋን ከቦታ ወደ ቦታ በማዛወር ነበር። የጥሪ ቍጥሮቹ በጠቅላላው 8 ብቻ ሲሆኑ፥ ገሚሶቹ አስቀድመው የተያዙ ነበሩ። ሁለት ካርዶች በአንድ ቍጥር የተሰየሙ እንደ ሆነ ሥራቸው ይበላሻል፤ ነገር ግን ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ የሚናገር መዝገብ አልነበረም።

በ1984 የወጣው ኤ.ቲ. የተባለው ተከታይ ኮምፒዩተር አንድ ዐዲስ ነገር አመጣ። ይኸውም በትንሽ ባትሪ እየታገዘ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ እንኳ የማይጠፋ የ64 ባይት ሜሞሪ ነው። ከነዚህ 14ቱ ለሰዓቱና ለቀን መቍጠሪያው ሲውሉ፥ በቀሩት ውስጥ የዲስኩ ዐይነትና የሜሞሪው ልክ ይመዘገባል። በእውነቱ ይህ የማስታወሻ መጀመሪያ ነው ቢባል ከሐቅ የራቀ አይደለም። ነገር ግን ማስታወሻው የሚያምነው የተነገረውን እንጂ ያየውን አልነበረም። ባለቤቱ ዲስኩን ለውጦ መዝገቡን ሳያርም የቀረ እንደ ሆነ፥ ኮምፒዩተሩ አሮጌውን ቃል ይዞ ዐዲሱን ዲስክ በሌላው ዲስክ ልክ ለመሥራት ይሞክር ነበር።

ይህን ጕድለት ለማቃናት በ1987 በፒ.ኤስ. ቱ ኮምፒዩተሮች ላይ የተደረገው ዘዴ ሊመሰገን ይገባዋል። በዚያ ሥርዐት እያንዳንዱ ካርድ ባለ 16 ቢት መታወቂያ ቍጥር ነበረው። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቍጥር፥ በየማስገቢያው ያለውን ካርድ ቍጥሩን ይጠይቅና በማስታወሻው ከተጻፈው ጋር ያስተያያል። ሁለቱ የተስማሙ እንደ ሆነ የቀረውን ከማስታወሻው ወስዶ ይሠራል፤ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ግን የውቅር ስሕተት መኖሩን አስታውቆ እንደ ገና እንዲመዘገብ ይጠይቃል። በዚህ ውስጥ ትልቅ ጥበብ አለ። ማስታወሻን ፈጽሞ ከመተውና ማስታወሻን ፈጽሞ ከማመን መካከል ሦስተኛ መንገድ መኖሩን አሳይቷልና፤ እርሱም ጥቂቱን አይቶ ብዙውን ማመን ነው።

በ1992 ኢንቴል የተባለው ኩባንያ ፒ.ሲ.አይ. የሚባለውን የካርዶች መገናኛ ደንብ ባወጣ ጊዜ፥ መዝገቡ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ወደ ካርዱ ወደ ራሱ ገባ። በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ መሣሪያ 256 ባይት የሚሆን የውቅር ሰሌዳ ይይዛል፤ የመጀመሪያዎቹ 64 ባይቶች አቀማመጥ ለሁሉ የተደነገገ ሲሆን የቀረው ለየመሣሪያው የተተወ ነው። በሰሌዳው ራስ ላይ ሁለት ባይት የሠሪው ቍጥር፥ ቀጥሎም ሁለት ባይት የመሣሪያው ቍጥር ይገኛል። የኢንቴል የራሱ ቍጥር በዐሥራ ስድስት ቤት አቈጣጠር ሲጻፍ 8086 ነው፤ ይህም ኩባንያው በ1978 ያወጣው የታወቀ ፕሮሰሰር መጠሪያ መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል ያስፈልጋል። በዚህ በአንድ ሰሌዳ ውስጥ ሦስት ዐይነት ባሕርያት ተቀላቅለው ይገኛሉ። የሠሪው ቍጥር መሣሪያው እስካለ ድረስ አይለወጥም። መሣሪያው የተመደበበት አድራሻና የጥሪ ቍጥሩ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ተወስነው ከዚያ ወዲያ አልፎ አልፎ ይለወጣሉ። የመሣሪያውን ሁኔታና የደረሰበትን ስሕተት የሚያመለክቱት ቢቶች ግን በማናቸውም ጊዜ ሊለወጡ ይችላሉ። ሰሌዳው ሦስቱን ጎን ለጎን ስላስቀመጣቸው፥ ለአንዱ ተገቢ የሆነው አያያዝ ለሌላው ጥፋት ይሆናል።

ማንበቡም ቢሆን እንደሚታሰበው ቀላል አልነበረም። በፐርሰናል ኮምፒዩተሮች ላይ ከተለመዱት መንገዶች በዋናው፥ አንባቢው በአንደኛው በር የሚፈልገውን አድራሻ ይጽፋል፤ ከዚያም በሁለተኛው በር መልሱን ይቀበላል። በሁለቱ መካከል ሌላ ፕሮግራም ገብቶ የራሱን አድራሻ የጻፈ እንደ ሆነ፥ የፊተኛው የሌላ ሰው መልስ ይደርሰዋል፤ የደረሰውም የሌላ መሆኑን የሚያውቅበት ምልክት የለም። በሌላም በኩል አንዳንድ መሣሪያዎች ከሰሌዳቸው ያልተደነገገው ክፍል ሲነበብ ሥራቸውን ያቆማሉ። በማስገቢያው ምንም መሣሪያ የሌለ እንደ ሆነ ደግሞ መልሱ ዝምታ ሳይሆን ቢቶቹ ሁሉ 1 የሆኑበት ቍጥር ነው፤ የሠሪው ቍጥር 65535 ሆኖ ከተነበበ «እዚህ ማንም የለም» ማለት ነው። ይህን የማያውቅ አንባቢ ባዶውን ቦታ እንደ መሣሪያ ይመዘግበዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ችግር አንድ ጊዜ ተሸክሞ ሌሎችን የሚያሳርፍ ላይብረሪ ማስፈለጉ ግልጽ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 በጀመረው ሊኑክስ በተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ይህን ሥራ የሠራው ማርቲን ማሬሽ የተባለ የቼክ አገር ተወላጅ ነው። ከ1997 ጀምሮ ያዘጋጀው ሊብ-ፒ.ሲ.አይ. የተባለው ላይብረሪ እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግላል። አሠራሩን የመረመረ ሰው ሦስት አስተዋይነት የተሞላባቸው ውሳኔዎች ያገኝበታል።

አንደኛው፥ ጠያቂው የሚፈልገውን ለይቶ እንዲጠይቅ መደረጉ ነው። መታወቂያውን ብቻ፥ ወይም አድራሻዎቹን፥ ወይም የጥሪ ቍጥሩን ብሎ ያመለክታል፤ ላይብረሪውም ያልተጠየቀውን አያነብም። ሁለተኛው፥ ከየትኛው መሣሪያ የትኛው ባሕርይ እንደ ተነበበ በየመሣሪያው ላይ ምልክት መያዙ ነው። አንድ ጊዜ የተነበበው ዳግመኛ ሲጠየቅ ከማስታወሻው ይሰጣል፤ ጠያቂው ግን ዐዲስ ንባብ የፈለገ እንደ ሆነ «እንደ ገና አንብብ» የሚል ምልክት ጨምሮ ሊያዝ ይችላል። ሦስተኛው፥ ወደ መሣሪያው የሚያደርሱት መንገዶች ልዩ ልዩ ሲሆኑ በሩ አንድ መሆኑ ነው። ንባቡ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ቢመጣ፥ በቀጥታ ከሁለቱ በሮች ቢገኝ፥ ወይም አስቀድሞ በፋይል ከተቀዳ ግልባጭ ቢወሰድ፥ ጠያቂው የሚናገረው ቃል አይለወጥም።

ስለ ስሞቹም እንዲሁ ነው። ቍጥሮቹን ወደ ሠሪና ወደ መሣሪያ ስም የሚተረጕም ዝርዝር አብሮ ይሰጣል፤ ዝርዝሩ የማያውቀው ቍጥር ሲያጋጥም ተጠቃሚው በኢንተርኔት አማካይነት ማእከላዊውን መዝገብ እንዲያስጠይቅ ሊያዝ ይችላል። የተገኘውም መልስ በተጠቃሚው የራሱ ፋይል ይቀመጥና ለሚቀጥለው ጊዜ ያገለግላል። ነገር ግን የታወቀውንም ስም ቢሆን ከማእከሉ እንደ ገና ለማስጠየቅ፥ እንዲሁም የተከማቸውን ማስታወሻ ለማደስ፥ የተለየ ትእዛዝ ተዘጋጅቷል። ማስታወሻውን የሠራው እጅ የማስታወሻውን መሻሪያ አብሮ ሠርቷል ማለት ነው።

ይህ ላይብረሪ የሚያገለግለው ግን ለፒ.ሲ.አይ. መሣሪያዎች ብቻ ነበር። በ1996 ዩ.ኤስ.ቢ. የተባለው መገናኛ ከወጣ በኋላ፥ ኮምፒዩተሩ ሥራ ላይ እንዳለ የሚገቡና የሚወጡ መሣሪያዎች እየበዙ ሄዱ። ስለዚህ ለሊኑክስ ከርነል፥ ማለት ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፥ የመሣሪያዎቹን ሁሉ ዝምድና በአንድ የትውልድ ሐረግ መልክ የሚያሳይ መዝገብ አስፈለገው። ይህንም ፓትሪክ ሞቼል የተባለው ባለሙያ ጀምሮት፥ በታኅሣሥ ወር 2003 ከወጣው ከ2.6 ከርነል ጋር ሲስ-ኤፍ-ኤስ በሚል ስም ለሕዝብ ደረሰ። ደንቡ አጭር ነው፤ አንድ መሣሪያ አንድ ዶሴ፥ አንድ ባሕርይ አንድ ፋይል፥ በአንድ ፋይልም አንድ ዋጋ ብቻ። ከዚያ በፊት የነበረው አሮጌው የፒ.ሲ.አይ. መግለጫ ለሰው ዐይን ተብሎ በዐረፍተ ነገር መልክ የተጻፈ ስለ ነበር፥ ቃሉ በተለወጠ ቍጥር አንባቢ ፕሮግራሞች ይሰናከሉ ነበር።

የሲስ-ኤፍ-ኤስ ፋይሎች በዲስክ ላይ የተጻፉ አይደሉም። አንባቢ በከፈታቸው ጊዜ ከርነሉ መልሱን በዚያው ሰዓት አዘጋጅቶ ይሰጣል። ሆኖም ከርነሉም የራሱ ማስታወሻ አለው። የሠሪውን ቍጥር የሚያሳየው ፋይል የሚናገረው ከርነሉ መሣሪያውን መጀመሪያ ባገኘው ጊዜ የመዘገበውን ሲሆን፥ የውቅር ሰሌዳውን የሚያሳየው ፋይል ግን ከመሣሪያው ያነብባል። የማሬሽ ፕሮግራም ይህን ልዩነት በማወቅ፥ አድራሻዎችንና የጥሪ ቍጥሮችን ከርነሉ እንደሚያውቃቸው ሳይሆን ካርዱ ራሱ እንደሚያያቸው የሚያሳይበት የተለየ ትእዛዝ አለው። ሁለቱ የተለያዩ እንደ ሆነ አንዱ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ከሁለት ወገን የታየ አንድ ነገር ነው። ላይብረሪ ግን የትኛውን ወገን እንደሚናገር ሳይገልጽ መልስ ቢሰጥ ጠያቂውን ያሳስታል።

በ2003 የአይ.ቢ.ኤም. ሠራተኞች ሊብ-ሲስ-ኤፍ-ኤስ የተባለ ላይብረሪ አዘጋጁ። ዐላማቸው የተቀደሰ ነበር፤ ከርነሉ ቢለዋወጥም ፕሮግራሞች የማይናወጥ በር እንዲኖራቸው ማድረግ ነው። ነገር ግን በሩ የተሠራው በዚያን ጊዜ የነበረው የዶሴዎች አቀማመጥ ልክ ሆኖ ነበር። ከርነሉ በአንድ በኩል መሣሪያዎችን፥ በሌላ በኩል መገናኛዎችን፥ በሌላም በኩል መደቦችን ለይቶ ያሳይ ስለ ነበር፥ ላይብረሪውም ለእያንዳንዱ የተለየ ቅርጽና የተለየ ጥያቄ አበጀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከርነሉ ይህን ልዩነት እያጠበበ ሁሉን ወደ አንድ የመሣሪያዎች ሐረግ ሲያመጣው፥ በሩ ከቤቱ ጋር ሊስማማ አልቻለም። ግድግዳው ሲዛወር በሩ ብቻውን በሜዳ ቆመ እንደ ማለት ነው። በመጨረሻም ከራሱ ከከርነሉ ጋር የሚታተመው የሲስ-ኤፍ-ኤስ አጠቃቀም ደንብ፥ ፕሮግራም ሠሪዎች ይህን ላይብረሪ እንዳይጠቀሙበት በግልጽ መከረ። ምክንያቱን ሲያስረዳም፥ ላይብረሪው የከርነሉን ውስጣዊ አሠራር እንዳለ በበሩ ላይ ስላወጣው ፋይሉን ራስ ከፍቶ ከማንበብ አይሻልም ይላል።

ያው ደንብ በመሣሪያው ላይ ሊታመኑ የሚገባቸውን ነገሮች አምስት ብቻ አድርጎ ቈጥሯቸዋል፤ እነርሱም የመሣሪያው መንገድ፥ በከርነሉ ዘንድ ያለው ስም፥ የሚገኝበት ክፍል፥ የሚያንቀሳቅሰው ድራይቨርና ባሕርያቱ ናቸው። አንድ በር የሚቆየው ብዙ ነገር ስለ ገለጸ ሳይሆን፥ ሊገልጠው የማይገባውን ስለ ሸሸገ መሆኑን ይህ ያስተምራል።

ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን በ2003 ያስጀመረው ዩዴቭ የተባለው የመሣሪያዎች አስተዳዳሪ በመጀመሪያ በዚያው ላይብረሪ ይገለገል ነበር፤ ኋላ ግን ተወው። በ2008 ኬይ ሲቨርስ ከዩዴቭ ጋር ሊብ-ዩዴቭ የተባለውን ዐዲስ ላይብረሪ አወጣ፤ ይህም በ2012 ዩዴቭ ሲስተምዲ ከተባለው ሥራ ጋር በተዋሐደ ጊዜ አብሮ ተዋሐደ። ሊብ-ዩዴቭ መሣሪያን ሁሉ በአንድ ዐይነት ቅርጽ ያቀርባል፤ ከርነሉም መሣሪያ ገባ፥ ወጣ፥ ተለወጠ ብሎ የሚያሰማውን ዐዋጅ ለጠያቂዎች ያደርሳል። ስለ ባሕርያት ያለው ሕግ ደግሞ ይህ ነው፤ አንድ ባሕርይ መጀመሪያ ሲጠየቅ ፋይሉ ይነበባል፤ መልሱም በዚያ የመሣሪያ ቅርጽ ውስጥ ተይዞ ይኖራል፤ ዳግመኛ ሲጠየቅ ፋይሉ ሳይከፈት ያው መልስ ይሰጣል። ባሕርዩ ያልተገኘ እንደ ሆነ እንኳ «የለም» የሚለው መልስ ይመዘገብ ነበር።

ይህ ለሠሪው ቍጥር እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን ከ0 እስከ 100 የሚቈጠረውን የባትሪ ልክ እናስብ። አንድ ፕሮግራም ጧት የባትሪውን ቅርጽ ወስዶ እስከ ማታ በዚያው ቅርጽ ቢጠይቅ፥ በየሰዓቱ የሚያገኘው የጧቱን ቍጥር ነው። ጧት 90 የነበረው ባትሪ ማታ 5 ቢቀረውም መልሱ 90 ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩም የባለቤቱ ሥራ ሳይቀመጥ ድንገት ይጠፋል። ፕሮግራሙ ዐዲስ ንባብ የፈለገ እንደ ሆነ ቅርጹን ጥሎ ሌላ ዐዲስ ቅርጽ ማስወጣት ነበረበት። ይህም በላይብረሪው መግለጫ ላይ የተጻፈ ነገር ነው፤ ነገር ግን መግለጫውን ያላነበበ ሰው በሩን ብቻ አይቶ ሊያውቀው አይችልም። ማሬሽ ያኖረው «እንደ ገና አንብብ» የሚለው ቃል በዚህ በር ላይ አልነበረምና።

ታዲያ ማስታወሻውን ትቶ ሁልጊዜ ማንበብ አይሻልምን የሚል ጠያቂ ቢነሣ፥ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አይሻልም ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፥ ንባብ ዋጋ ያስከፍላል፤ አንዳንዱ ፋይል ሲነበብ ከርነሉ ራሱን መሣሪያውን ይጠይቃል፤ መሣሪያው ዘገምተኛ ቢሆን ጠያቂው ይጠብቃል። ሁለተኛውና የሚበልጠው፥ የንባቦች መስማማት ነው። አንድ መሣሪያ በገባ ጊዜ ስለ እርሱ ዐሥር ደንቦች በተራ የሚፈጸሙ ቢሆን፥ የፊተኛው ደንብ አንድ ዋጋ፥ የኋለኛው ሌላ ዋጋ ቢያይ ውሳኔው እርስ በርሱ ይጋጫል። በአንድ ሰዓት እንደ ተነሣ ፎቶግራፍ ሁሉም አንድ መልክ ማየታቸው ይጠቅማል። ስለዚህ የሊብ-ዩዴቭ ማስታወሻ ያለ ምክንያት የተሠራ አይደለም፤ ጕዳቱ የሚመጣው ፎቶግራፉ እንደ መስኮት የተቈጠረ እንደ ሆነ ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። መረጃን የሚያነብና የሚያስታውስ ክፍል የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የማይለወጠውን፥ አልፎ አልፎ የሚለወጠውንና ዘወትር የሚለወጠውን ለይቶ ይወቅ። የማይለወጠውን ያለ ሥጋት ያስታውስ፤ አልፎ አልፎ የሚለወጠውን በፒ.ኤስ. ቱ እንደ ተደረገው በመታወቂያ እያስተያየ ይያዝ፤ ዘወትር የሚለወጠውን ግን በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ ያንብብ። ጠያቂውም የተሰጠው መልስ የዛሬ ንባብ ይሁን የትናንት ማስታወሻ፥ ከበሩ ቃል ራሱ ይረዳ እንጂ መግለጫ እንዲመረምር አይገደድ። «የለም» ማለትና «አላነበብሁም» ማለትም በአንድ ቃል አይነገሩ።

ዛሬ በአገራችንም የመሥሪያ ቤቶች መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ስለ ሆነ፥ ይህ ነገር የመሣሪያ ሠሪዎች ብቻ ጕዳይ አይደለም። የግብር ከፋይ አድራሻ፥ የተማሪ ውጤት፥ የጡረተኛ አበል የሚያቀርብ ፕሮግራም ሁሉ ከሩቅ ያለውን ዋና መዝገብ አንብቦ ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ አለው። በመስኮቱ ፊት የቆመው ባለ ጕዳይ መልሱ ከየትኛው እንደ መጣለት አያይም። እርሱ የሚያየው ተፈቀደ ወይም ተከለከለ የሚለውን ብቻ ነው። በመካከል ያለው ክፍል የሚናገረው ቍጥር መቼ እንደ ተነበበ የማወቅና የማሳወቅ ኀላፊነት እንግዲህ የሠሪውና የሚያሠራው ሹም ነው።